ስር የሰደደ ፈሪ

የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር። ዋና አዘጋጁን ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ተርጓሚው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ወጣት ነው። ሦስተኛዋ፣ የቃላቱን ፍቺ ከተርጓሚው እኩል የምትጽፈው፣ «ምላጭ» ናት። ስሙን ያወጡላት ጋሼ ናቸው፤ እሷም አልተቀየመችም። ትምህርቷን ከመንገድ አቋርጣ፣ እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ለብቻዋ የለቀመች ልጅ፣ ምላስ ባይኖራት ኖሮ ማን ያስቀምጣት ነበር?

ክፍሏ የራሷ ወግ ነበራት። ለየቃሉ የሚሰጠው ምሳሌ ከሌላ መጽሐፍ አይቀዳም። ከሰው ኑሮ ይወሰድና ጮክ ተብሎ ይነበባል። ፍቅራቸውም የተጀመረው በዚሁ ነው። ተርጓሚው «መናፈቅ» ለሚለው ቃል ምሳሌውን ሲያነብ ዓይኑን ከወረቀቱ ነቅሎ እሷ ላይ ተከለው።

«ቢሮው ሲዘጋ ትናፍቀኛለች።»

ጋሼን ሳል ያዛቸው። ምላጭ ቁልፉን ላውስህ ወይ ብላ አሾፈችበት፤ ፊቷ ግን እንደ እሳት ነደደ።

ከዚያ ወዲያ ምሳውም አብሮ፣ መንገዱም አብሮ ሆነ። ሊያገባት ቃል ገባላት። የቀረው ለእናቱ መንገር ብቻ ነበር። እናቱ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሱ በቀር ሰው የላቸውም። ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ሲመጣ ወይ እናቱን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ወይ እንግዳ ይመጣል። በመጨረሻ ምላጭን መረራት። በዚህ ሳምንት ካልነገርካቸው እኔው ራሴ በራችሁን አንኳኩቼ እነግራቸዋለሁ አለችው። እሱም እጇን ስሞ እሺ አለ።

ሳምንቱ ሳያልቅ እናቱ ራሳቸው ቢሮ ከች አሉ። የምላጭ ልብ ዘለለ። ነግሯቸዋል ማለት ነው። ቀሚሷን አስተካክላ ብድግ አለች።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ይቺ ማናት?»

«ጽሑፍ የምትተይብልን ልጅ ናት፣ እማዬ» አለ ተርጓሚው፣ መስኮቱን እያየ።

«እንግዲያው ውሃ አምጪልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ምላጭ ጠበቀችው። አንድ ቃል ቢናገር፣ ጉሮሮውን እንኳ ቢጠርግ ይበቃት ነበር። እሱ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ሄዳ ውሃውን ቀዳችና በሁለት እጇ አቀረበች።

ጋሼ ነገሩ ቢጨንቃቸው ወደ ሥራችን እንመለስ አሉ። የደረሱበት ቃል «ኢንቬተሬት» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ ተራው ደግሞ የሷ። ምላጭ ወረቀት አላነሳችም። ቃሉ ለከረመ ልማድ ነው የሚነገረው አለች። ትናንት ሲጋራ የለኮሰ ሰው አይባልበትም፤ ሲያጨስ ኖሮ ልተወው ቢል እንኳ የማይሆንለት ይባልበታል። አብዛኛውን ጊዜም ለሚያስመሰግን ነገር አይውልም፤ ውሸታሙ፣ ቁማርተኛው፣ ሰካራሙ ናቸው ደንበኞቹ። በእኛ አነጋገር ስር የሰደደ ብንለው ይስማማዋል።

«ምሳሌውስ?» አሉ ጋሼ፣ ወዲያው በጠየቁት ተጸጽተው።

«ሰውዬው ስር የሰደደ ፈሪ ነው፤ የሚወዳትን ሴት እናቱ ፊት ውሃ አቅራቢ ያደርጋታል።»

እናቱ አልተቆጡም። ውሃቸውን ተረጋግተው ጠጥተው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ጎበዝ ነሽ» አሏት። «ፈሪነቱን ደርሰሽበታል። ግን እኔ በገዛ ፈቃዴ የመጣሁ መሰለሽ? ሴት የጋብቻ ነገር ስታነሳበት ‹እማዬ፣ ብቅ በይ› ይለኛል። ባንክ የምትሠራዋንም፣ ከሷ በፊት ነርሷንም እንዲሁ ነው ያሰናበትኩለት። ክፉ መባሉን እኔ ለምጄዋለሁ።»

ምላጭ ወደ ተርጓሚው ዞረች። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እርሳሶች ጫፍ ለጫፍ ያስተካክላል።

«ሐሰት ነው በለኝ።»

«አንቺ እኮ ከነሱ ትለያለሽ» አላት ቀስ ብሎ።

ከስድብ ሁሉ የከፋው ይኼ ሆነባት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ደረጃው አጋማሽ ላይ ደረሰባት። ያለቅስ ነበር። እወድሻለሁ አላት፤ እናቱ ብቸኛ መሆናቸውን፣ ሲያዝኑ ማየት እንደማይችል፣ ጊዜ ብቻ እንድትሰጠው ነገራት። ምላጭ ፊቱን በደንብ አየችው። እንደሚወዳት ገባት፤ እውነቱን ነው። የሚዋሽ ቢሆን ኖሮ በቀለላት።

«እንግዲያው እጄን ያዝና እንግባ» አለችው። «ምንም እንዳትናገር። ይዘኸኝ ፊታቸው ቁም፣ ይበቃኛል።»

እጇን ያዘ። አጥብቆ ያዘ፤ ጣቶቿ እስኪያሟት። ደረጃውን አብረው ተመልሰው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ የእናቱ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፤ ጮክ እንኳ አላሉም።

«ካፖርቴን አቀብለኝ እንጂ፣ ልንሄድ ነው።»

ጣቶቹ ተፈቱ። እሱ ራሱ ያወቀ አይመስልም። እንባው ገና ጉንጩ ላይ እንዳለ ገብቶ ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደ፤ እጅጌውን ዘርግቶ ያዘላቸው።

ምላጭ ደጅ ቆማ አየች። ሁለተኛውን እጅጌ እስኪያጠልቁ ድረስ፣ አሁን ዞር ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ ከእናቱ ትከሻ ላይ በመዳፉ አቧራ ያራግፍላቸው ጀመር፤ በቀስታ፣ በፍቅር። ያኔ ደረጃውን ወረደች።