የግራኙ ኳስ ወርዋሪ አሟሟት

ሸምሮዝ ካን የክሪኬት መለማመጃው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የሙስካት ፀሐይ ድንጋይ በሚያፈላበት ቀትር ብቻውን ሲለማመድ ሙቀት ጥሎት፣ ማጅራቱ ከሲሚንቶው ተላትሞ ሞተ ተባለ።

መርማሪ ዙወይና ሲሚንቶውን በጣቷ ዳሰሰችው። ደም የለም። ከዚያ እግሩ ላይ አጎነበሰች። የግራ ጫማው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቱ ይታያል።

«ይኼ ለምን ተቀደደ?»

«ፈጣን ወርዋሪ ሁሉ ጫማውን ሆን ብሎ ይቀድደዋል» አለ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ጀይወንት። «ሲወረውሩ ከፊት የሚያርፈው እግር ከጫማው ጋር እየተላተመ ጥፍሩ ይነቀላል።»

«በየትኛው እጁ ነበር የሚወረውረው?»

«በግራ። ከአገሩ ከስዋት መጥቶ እዚህ ጡብ ሲሸከም ኖረ፤ የዚህን አገር ማሊያ ለመልበስ ስንት ዓመት ጠበቀ! ለዓለም ዋንጫ የተመረጠው ገና አሁን ነበር።»

ወጌሻው ፕራባት ዓይኑ ቀልቷል።

«ጠዋት ስትጨቃጨቁ ተሰምታችኋል» አለችው።

«ማደንዘዣ ውጋኝ አለኝ፣ እንቢ አልኩት። ትከሻው አልቆለታል፣ ኢንስፔክተር። "ወንድሜ፣ በዚህ ትከሻ እንኳን ኳስ ማንኪያም አታነሳ" ስለው አለቀሰ።»

የሸምሮዝ የአክስት ልጅ ኢክራም የቡድኑ ተጠባባቂ ወርዋሪ ነው።

«ያሳደገችው እናቴ ናት። ከአንድ ጡት ነው የጠባነው።»

«ዛሬ አግኝተኸዋል?»

«ኧረ ወደዚህ አልመጣሁም! ቤት ተኝቼ ነበር።»

ዙወይና ሦስቱንም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሸምሮዝ የሞተው እዚህ ነው» አለች። «አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ የዚህኛው ጠርዝ ብቻ ታጥቧል። ገዳዩ በልምምድ ላይ የሞተ እንዲመስል ጫማ አጥልቆለት ሜዳ አወጣው። ቡድኑ የሚያድለው ጫማ አንድ ዓይነት ነው፤ ተደናግጦም ሳያስተውል የሸምሮዝን ትቶ ሌላ አነሳ። ግራኝ ሲወረውር የሚያስቀድመው ቀኝ እግሩን ነው፤ ስለዚህ የሚቀድደው ቀኝ ጫማውን ነው። ሬሳው ላይ ግን የተቀደደው ግራው ነው። ሟቹ ያደረገው በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ጫማ ነው። ኢክራም፣ በቀኝህ አይደል የምትወረውረው? ቦርሳህን ክፈት።»

ከቦርሳው የወጣው የቀኝ ጫማ ጫፉ ተቀዷል፤ የሸምሮዝ ነው።

ኢክራም ቦርሳውን ለቀቀው።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። "ና፣ የምነግርህ ነገር አለ" ብሎ ጠራኝ። ፈገግ አለ። እኔ ሳልመረጥ የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው እያለቀ እሱ ሊጎርርብኝ መሰለኝ። እስኪናገር እንኳ አልጠበቅሁትም።»

ጀይወንት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ምነው፣ ጀይወንት?» አለች ዙወይና።

«ጠዋት ከወጌሻው ወጥቶ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። "ለኔ አብቅቷል፤ ቦታዬን ለኢክራም ስጡልኝ። ግን እኔው ልንገረው፣ ደስታውን ልየው" አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።»

«ውሸት ነው በሉኝ» አለ ኢክራም። «እባካችሁ።»



በኢክራም ኪስ ያለው ስልክ ጮኸ። ዙወይና ተቀብላ አየችው፤ እናቱ ናት። ሸምሮዝ ጋ ደጋግማ ደውላ ብታጣው ወደ ልጇ መደወሏ ነበር። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ወዲያው እንደገና ጮኸ።