የዴቪላል ዋስትና

ዴቪላል በናቱላል የኦፒየም ማሳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። ኢንስፔክተር ሄምላታ ዳንጊ በማለዳ ስትደርስ፣ ደረት ድረስ በሚመጣው ተክል መካከል የሟቹን ቀይ ጥምጣም ለማየት አንገቷን ማስገግ ነበረባት። አጠገቡ ካለ ፍሬ ላይ አንዲት በቀቀን ተቀምጣ ትሞጨልፋለች። በዚህ አገር በቀቀኖቹ ሳይቀሩ ሱሰኞች ናቸው፤ ሰው ሞተ ብለው ቁርሳቸውን አይተዉም።

የማሳው ባለቤትም ከበቀቀኗ አይሻልም ነበር።

«ልጄ፣ ሬሳውን ቶሎ አንሺልን» አለ ናቱላል ዱላውን ተደግፎ። «ትናንት የተበጣው ፍሬ ወተቱ ሲንጠባጠብ አድሮ አሁን ነው የሚፋቀው። ፀሐይ ከጠነከረበት ተበላሸ ማለት ነው። መንግሥት እንደሆነ ‹ሚዛንህ ጎደለ› ብሎ የእርሻ ፈቃዴን ይነጥቀኛል እንጂ ‹ሬሳ ነበረብህ› ብሎ አያዝንልኝ!»

«ለሰው ሞት አነሰው» አለ ኮንስታብል ባሉራም በሹክሹክታ።

ናቱላል በመንግሥት ፈቃድ ኦፒየም የሚያመርቱት የባድኬዳ መንደር ገበሬዎች አለቃ ነው። የእያንዳንዱን ቤት ኦፒየም በየማለዳው መዝኖ ለመንግሥት የሚያስረክበው እሱ ነው። መሬቱን አስይዞ ዴቪላልን ከእስር በዋስ ያስወጣውም እሱ ነበር። ደረቱና ሆዱ ላይ ሰደሪያው በቡናማ ነጠብጣብ ተጨማልቋል። ሄምላታ ነጠብጣቡን ልብ አለችው። የኦፒየም ገበሬ ልጅ ናት፤ ይህ ወተት ሲወጣ ነጭ፣ ሲያድር ቡናማ እንደሚሆን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

እዚህ ድረስ ያስሮጣት ግን ሟቹ ብቻ አልነበረም። ትናንት ሽማግሌው ጠበቃ ቁሬሺ ደውሎላት ነበር። «ልጄ፣ ተአምር ተፈጠረ!» ብሎ። «ዴቪላል ነገ ዳኛ ፊት ቀርቦ እውነቱን ሊናገር ነው። ሱግና ልትወጣ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መከር ዴቪላል ሆዱ ላይ የታሰረ የኦፒየም ከረጢት ይዞ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ማን ሰጠህ ሲባል የሟች ወንድሙን ሚስት፣ ሱግናን ጠራ። የሱግና ቤት ተበረበረ፤ ከነጭ ሽንኩርት በቀር የተገኘ ነገር የለም። ስልክ ግን ተደዋውለዋል ተባለ። ሰው ለሟች ወንድሙ ሚስት ቢደውል ምን ይገርማል? ቢሆንም ሱግና በአንድ መዝገብ ተባባሪ ተብላ ታሰረች፤ የእርሻ ፈቃዷም ተነጠቀ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ፈታሾቹ ሕጉ እንደሚያዘው ዴቪላልን «ከፈለግክ ዳኛ ፊት ፈትሹኝ ማለት ትችላለህ» ሳይሉት ገላውን ስለፈተሹ፣ በዋስ ተለቀቀ። ቁሬሺ «የተያዘበት ከወጣ ያልተያዘባትም ትውጣ እንጂ!» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን የፍተሻው ስህተት የተፈጸመው በእሱ ገላ ላይ ነው አለ። ከእሷ ምንም ስላልተያዘ የምታማርርበት ስህተት የላትም። ቁሬሺ ይህን ለሄምላታ ሲያወራላት እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። የሱግና የዋስትና አቤቱታ እንደገና የሚሰማው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሄምላታ ያችን ሴት በችሎት ኮሪደር ላይ አይታታለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሐሳቧ ልታወጣት አልቻለችም።

መንደርተኛው ገዳዩን አስቀድሞ አግኝቶታል። የሱግናን ልጅ ጋንሽያምን ከኒሙ ዛፍ ጋር ጠፍንገው አስረውታል።

«ፍቱት» አለች ሄምላታ። «አንተ፣ ‹እናቴ ካልወጣች አንተም አትኖርም› ብለኸዋል አሉ?»

«ብዬዋለሁ። በገበያ መሃል ነው ያልኩት፤ ያልሰማ ካለ እደግመዋለሁ።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ማሳ፣ በማዶኛው ጠርዝ። ፈቃዳችን ከተነጠቀ ወዲህ የሰው ፍሬ እየበጣሁ ነው የምበላው። ኢንስፔክተር፣ ልገድለው ብፈልግ ኖሮ ሊናገርልን በተነሳ ማግስት ነው እንዴ የምገድለው?»

«እንደሚናገር ታውቅ ነበር?»

«ትናንት ጠዋት መጥቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር። ታላቄ ሆኖ! አፈርኩ፤ ይዤ አቆምኩት።» ልጁ እጅጌው እስከ ክርኑ ቡናማ ሆኗል፤ ደረቱ ግን ንጹህ ነው። «አሁን እናቴን ማን ያወጣልኛል?» አለ ገመድ የፈተገውን ክንዱን እያሸ።

ሄምላታ ወደ ማሳው ተመልሳ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ዴቪላል የፍሬ መብጫ ቢላውን እንደጨበጠ ነው የሞተው። ከፊቱ ያሉት ፍሬዎች ሁሉ ተበጥተዋል፤ ከእግሩ በስተጀርባ ያሉት አልተነኩም። ሥራ ላይ እንዳለ ነው የተገደለው ማለት ነው። አንድ ሰው የሚያልፍበት ያህል ስፋት ያለው መስመር ላይ ደግሞ የፍሬዎቹ ጠብታ ተጠራርጎ ጠፍቷል። መስመሩ ከናቱላል መጠበቂያ ጎጆ ይነሳና ሬሳው ዘንድ ያበቃል። ጎን ለጎን ስትበጣ የነበረችው የሚስቱ የሩክማ መስመር ግን ሬሳውን አልፎ እስከ ውሃው ጉድጓድ ድረስ ተበጥቷል።

ሩክማን ከቤቷ አገኘቻት። ሁለት ሴት ልጆቿን ጉያዋ አስገብታ በራፏ ላይ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። ምን አየሽ?»

«ምንም፣ እመቤቴ። እሱ ቀርፋፋ ነው፤ እኔ ትቼው ወደ ጉድጓዱ ርቄ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ማታ ሳይመጣ ሲቀርስ?»

«ለነገው ጉዳይ ከተማ ያደረ መሰለኝ።» የሩክማም እጅጌ ቡናማ ነው። ደረቷ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ሄምላታ ያን ደረት ረጅም ጊዜ አየችው።

ናቱላልን በመጨረሻ አነጋገረችው።

«ጋሼ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ስበጣ ነዋ! ሰው አነሰኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወገቤ እስኪቆረጥ ስበጣ ዋልኩ። ይኸው ልብሴን እይው!»

«አየሁት። ዴቪላል ዳኛ ፊት ሊቀርብ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«እኔ ምን ቁርጥ አድርጎኝ ነው የሰው ጉዳይ የምከታተለው?»

«ዋሱ ነዎት። ሳይነግርዎ ከመንደር አይወጣም።»

ናቱላል ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ነግሮኝ ይሆናል» አለ። «የሽማግሌ ነገር፣ ይረሳል።»

ሄምላታ ኦፒየም በሚመዘንበት በኒሙ ዛፍ ሥር ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ቁሬሺም ከከተማ ደረሰ፤ ላብ በላብ ሆኗል። ገበሬዎቹ ከኋላ ቆመው ያጉረመርማሉ፤ ፀሐዩ እየጠነከረ ነው።

«ከቁስሉ እንጀምር» አለች። «ዴቪላል የተመታው ማጅራቱን ነው። የሚበጣ ሰው ግን ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚበጣው፤ ልብሱ ወተቱን እንዳይጠርገው። ገዳዩ የመጣው በተበጣው በኩል፣ ፊት ለፊቱ ነው፤ ጠብታው የተጠረገበት መስመር ይህን ይናገራል። ፊት ለፊት የመጣ ሰው ማጅራትን እንዴት ይመታል?»

«አዙሮት ነዋ» አለ ባሉራም።

«ቢያዞረው ኖሮ የሚወድቀው ወደ ጉድጓዱ ነበር። እሱ ግን የተደፋው ወደመጣው ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ነበር። የእኛ ሰው ማንን ሲያገኝ ነው እግር ሊነካ የሚጎነበሰው? ታላቁን፤ ባለውለታውን። ትናንት ጠዋት በጋንሽያም እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ልጁ አፍሮ አቁሞታል። ይኼኛው አላቆመውም።»

ሄምላታ ወደ ገበሬዎቹ ዞረች።

«አሁን ልብሳችሁን ተያዩ። ስትበጣ የዋለች ሩክማ እጅጌዋ እንጂ ደረቷ አልቆሸሸም። ጋንሽያምም እንዲሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ሲበጡ ውለው ነው ሆድዎ ድረስ የተጨማለቁት? እርስዎ አልበጡም። ገና በረጠበው ወተት መሃል ፊትዎን አቅንተው ከጎጆዎ እስከ ዴቪላል ድረስ ሄደዋል።»

«የገዛ ማሳዬ ነው፤ ባሻኝ በኩል እሄዳለሁ!» አለ ናቱላል። «ደግሞ ማን አየኝ? ሠራተኛው ሁሉ እዚያው ነበር። አንድ ሰው አየሁ ካለ ይናገር!»

ሄምላታ ወደ ሩክማ ዞረች። ይህን ባትጠይቃት ምን ያህል በወደደች!

«እህቴ፣ ‹ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር› ብለሽኛል። እኔም በልጅነቴ በጥቻለሁ። ትተሽው በራቅሽ ቁጥር ፊትሽ ወደ እሱ ነው፤ ጀርባሽ ወደ ጉድጓዱ። ሲወድቅ አይተሻል። ሮጠሽም አላቀፍሽውም፤ አቅፈሽው ቢሆን ደረትሽ እንዲህ ንጹህ አይሆንም ነበር። ምን ብለው አስፈራሩሽ?»

ሩክማ ልጆቿን ለቀቀች።

«የጋሼ ናቱላልን እግር ሊነካ ጎንበስ አለ» አለች። «‹ይቅር ይበሉኝ፣ ነገ ግን ስምዎን እጠራለሁ፤ የሱግና እንባ አላስተኛኝም› አለ። ሰማሁት። በዱላቸው መቱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እመቤቴ፣ እጄ መብጣቱን አላቆመም። ባሌ እየሞተ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ እበጣ ነበር።»

«ዝም ካለ አፍ ዝንብ አይገባም ነበር» አለ ናቱላል በቀስታ።

«ማታ ቤት መጡ። ‹ዴቪላል በአንዲት ቃል ሱግናን አስገብቷታል፤ እኔም አፍ አለኝ› አሉኝ። ‹አንቺ ስትገቢ እነዚህን ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል?› አሉኝ። ምን ላድርግ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ሄምላታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ማንም አይነካሽም። እኔ አለሁ።»

ከልቧ ነበር ያለችው። ቁሬሺ ግን ይህን ሲሰማ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ናቱላል እጁን ለካቴናው ራሱ ዘረጋ። ዴቪላል የተያዘበት ኦፒየም የእሱ እንደነበር፣ በየማለዳው ከገበሬው ሚዛን እየቀነሰ ያጠራቀመው መሆኑን አሁን ሕፃን እንኳን ያውቀዋል። «እሺ ልጄ» አለ፤ እንደ መሳቅም አደረገው። «ከታሰርኩ ላይቀር፣ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ።»

የአደንዛዥ ዕፅ መርማሪዎቹ ሊያነጋግሩት መጡ፤ ተናገረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱግና ችሎት ቀረበች። ጋንሽያም ለእናቱ አዲስ ሳሪ ገዝቶ በፌስታል ይዞ ከኋላ ተቀምጧል፤ ዛሬ እንደምትወጣ እርግጠኛ ነው። ቁሬሺ ጉሮሮው እስኪደርቅ ተከራከረ። ሄምላታም ቆማ የምታውቀውን ተናገረች።

«ዴቪላል ቃሉን ሊለውጥ እንደነበር ከጠበቃዋ ሌላ ከማን ሰማችሁ?» አሉ ዳኛው።

«ከሚስቱ፣ ክቡር ዳኛ። ዓይኗ እያየ ነው የተገደለው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ሚስቲቱም ከትናንት ጀምሮ ተከሳሽ ናት። ናቱላል ኦፒየሙን ሱግናና ሩክማ አብረው እንዳዘጋጁት ለመርማሪዎች ቃል ሰጥቷል።»

«በግድያ የታሰረ ሰው!» ጮኸ ቁሬሺ። «ደግሞ ለመርማሪ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት እንኳን አይያዝም!»

«እሱ በዋናው ክርክር ይታያል። የተያዘው ኦፒየም ብዛት እንዲህ በሆነ ጊዜ እኔ ዛሬ ‹ጥፋተኛ አይደለችም› ብዬ የማምንበት በቂ ምክንያት ካላገኘሁ ሕጉ እጄን ይይዘኛል። አንድ አፍ ይጠራት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነዋል። በዋስ የለቀቅነው ተከሳሽም በወጣ በወሩ ተገድሏል። አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም።»

ሄምላታ እንደቆመች ቀረች። ገዳዩን ባታገኝ ኖሮ የናቱላል አፍ በዚህ መዝገብ ላይ አይኖርም ነበር። አንድም ነገር አልተሳሳተችም፤ የሚያቃጥላትም ይኸው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሱግና የእስረኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመመለሻውን መኪና ትጠብቃለች።

«ልጄን ከጥርጣሬው ጨርሳችሁ ፈታችሁት?» አለቻት።

«ተፈቷል፣ እትዬ ሱግና።»

«ተመስገን።»

ያን ጊዜ ፖሊሶች ሩክማን ይዘው መጡ። ገና የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ የታሰረችበትን ገመድ እንዴት እንደሚይዙት አታውቅም፤ እየጎተታት ትደናቀፋለች። ሄምላታን ስታያት ቆመች። አልሰደበቻትም፤ አላለቀሰችም። ልጆቿ ያሉ ይመስል ዞር ብላ ከኋላዋ አየችና ባሏ ያሳሰራት ሴት ፊት አንገቷን ደፋች።

ሱግና የሳሪዋን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ነይ፣ እህቴ» አለቻት። «ቦታ አለ።»