ከደብዳቤው የተሰረዘችው ፀሐይ

በሠፈራችን «ማህተም» የሚሉት ሰው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። ያልጻፍኩት የለም። አንድ ጊዜማ ለአንድ ዓይን አፋር ጎረምሳ የፍቅር ደብዳቤ ጽፌ «ጉዳዩ፦ የጋብቻ ጥያቄን ይመለከታል» ብዬ ስለጀመርኩት ልጅቷ እንቢ አለችው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን የሚያስቅ አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ጥፋቱን የማጠፋው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም አውቃለሁ።

ከመንገዳችን በስተምሥራቅ ለብዙ ዓመት ባዶውን የቆየ ቦታ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ቢጫ ሰሌዳ ተተክሎበት አየን። ባለ አምስት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ሊሠራበት መሆኑን፣ ሠላሳ ስድስት ቤቶች እንደሚኖሩት፣ ሥጋት ያለው የአካባቢው ነዋሪም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ እንደሚችል ይገልጻል። ሠፈሩ በአንድ ጊዜ ተናወጠ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከመደብሩ ደጃፍ ቆሞ። «ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ ማን ሊጽፍ ነው? ጫን ጫን አድርገው ይጻፉልን!»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከጡረታ በኋላ ይህን ያህል ተፈልጌ አላውቅም ነበር። ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ በደረት ኪሴ ሰክቼ፣ የነዋሪውን ሥጋት ለመመዝገብ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ።

በሁለተኛው ቀን አናጺው ቤት ደረስኩ። ሚስቱ ቁርጥማት ከያዛት ስድስት ዓመት አልፏታል፤ እግሯ አይሸከማትም፣ ጣቶቿም ተቆላልፈው ያድራሉ። አናጺው በገዛ እጁ አራት ጎማ ያለው ወንበር ሠርቶላታል። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በምሥራቁ መስኮት ፀሐይ ስትገባ ወንበሯን እየገፋች ብርሃኑን ትከተላለች፤ ከመስኮቱ ሥር እስከ ቁም ሣጥኑ ድረስ። ጣቶቿ ሲሞቁ ይፈታሉ፣ ከዚያ ሹራብ ትሠራለች። በሠፈራችን በእሷ ሹራብ ያላደገ ልጅ የለም።

«የእርስዎስ ሥጋት ምንድን ነው?» አልኳት ደብተሬን ገልጬ።

«ፀሐይዋ ናታ» አለች ሳታመነታ። «አምስት ፎቅ እዚያ ከቆመ እኔ ጋ መቼ ትደርሳለች? ጣቶቼ ካልተፈቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሳይ መዋሌ ነው።»

«ፀሐይ» ብዬ በሰማያዊ ጻፍኩ። ይኼኔ አናጺው ከጓሮ ብቅ አለ፤ ጆሮው ላይ እርሳሱን እንደሰካ ነው።

«ኧረ ተይ አንቺ!» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ጋሼ፣ ይቅር ይሰርዙት። ሰው ምን ይለናል? ለሠላሳ ስድስት ቤተሰብ መጠለያ ሊሠራ ሲል አናጺው ስለ ሚስቱ ወንበር ያለቅሳል ይሉኛል።»

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። «እሱስ ልክ ነህ» አልኩት። «ይህ የግል ጉዳይ ነው። ደብዳቤ ክብደት ይፈልጋል።» ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ፀሐይን ሰረዝኳት። ሴትዮዋ ክሯን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያው እጄ የሌሎቹንም ሰረዝኩ። ጫማ ሰፊው በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ነው፤ በባዶው ቦታ አቋርጦ አውቶቡስ የሚይዝበት መተላለፊያ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ነበር። ሰረዝኩት። ዳቦ ጋጋሪው ራሱ፣ ያ ሁሉ ፉከራው ሲጣራ፣ የሚፈራው የአሸዋ መኪና አቧራ ዳቦው ላይ እንዳያርፍ ነው። እሱንም ሰረዝኩ። በምትካቸው «የአካባቢውን ገጽታ ማደብዘዝ»፣ «በመሠረተ ልማት ላይ የሚደርስ ጫና»፣ «ማንነታቸው የማይታወቅ ግለሰቦች መበራከት» እያልኩ አሥራ አራት ነጥብ ደረደርኩ። አቤት ማማሩ! ጮክ ብዬ ለራሴ ሁለቴ አነበብኩት።

ለማስፈረም አናጺው ቤት ስመለስ ነርሷን አገኘኋት። ቀን በቀን እየመጣች የሴትዮዋን ጣቶች የምታሸው፣ እንደ ልጅ የምትንከባከባት ወጣት ናት። ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችና አራተኛው ነጥብ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ማንነቷ የማይታወቀው ግለሰብ እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ። «እዚያ ሕንፃ ላይ ለአንድ ክፍል ተመዝግቤያለሁ። እዚህ ለመድረስ በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ነው የምቀይረው።»

«አንቺንማ እናውቅሻለን፣ ልጄ!»

«ሌሎቹንም የሚያውቃቸው ሰው አለ።» ወረቀቱን እያገላበጠች ፈለገች። «እማማ የነገሩዎት ፀሐይስ የታለች?»

«ይህ የሠፈር ጉዳይ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«እኔስ በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አለች ደብዳቤውን እየመለሰችልኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ደብዳቤው እንዳማረበት ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሕንፃውን የነደፈችው መሐንዲስ ረጋ ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። ደብዳቤዬን በአንድ እጇ፣ መልሷን በሌላው ይዛ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ወረደችበት። ለመንገዱ የትራፊክ ጥናት አለ። ለፍሳሹ አዲስ ቱቦ አለ። ለገጽታው ሥዕሉ ይኸው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ቃሌ አንድ ትልቅ ወረቀት አወጣች።

«ሌላ ሥጋት ያለው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ዳቦ ጋጋሪው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጫማ ሰፊው ምርኩዙን ሲያሻሽ፣ አናጺው አንገቱን ደፍቷል። የሰብሳቢነቱን ወንበር የያዘው የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ «እንግዲያውስ ሥጋት ስለሌለ...» ብሎ መዝጊያውን ሲጀምር እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ሥጋቱማ አለ! ኪሴ ውስጥ አለ፣ በቀይ ተሰርዞ!

ተነሣሁ። ደብተሬን አወጣሁ። «ያ ደብዳቤ የእኔ እንጂ የሠፈሩ አይደለም» አልኩ። «እነዚህ ሰዎች የነገሩኝን ትንሽ መስሎኝ ሰርዤዋለሁ። አሁን የሰረዝኩትን ላንብብ።» የጫማ ሰፊውን መተላለፊያ አነበብኩ። የዳቦ ጋጋሪውን አቧራ አነበብኩ። ቀጥዬ «ፀሐይ...» ስል አናጺው ብድግ አለ።

«ይበቃል ጋሼ!»

ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በጣቶቹ እያዞረ ወደ መሐንዲሷ ተመለከተ። «የሚስቴ ነው፤ እኔው ልናገረው» አለ። «ሕንፃው አይሠራ አላልኩም። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ዕድሜዬን በሙሉ በርና መስኮት የሠራሁት ለሰው ቤት ነው። ግን ባለቤቴ ከዚያች ጠዋት ፀሐይ ሌላ መድኃኒት የላትም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራው ያንን ሳቅ ነበር።

መሐንዲሷ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ያችን መስኮት ሥዕሉ ላይ አውቃታለሁ» አለች። «ጥፍር የምታህል አራት ማዕዘን ናት። ከኋላዋ ማን እንደተቀመጠ ግን ወረቀቱ አይነግረኝም፤ እናንተ ካልነገራችሁኝ። እኔም መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አናጺው ቤት መጣች። እኔም ነበርኩ። ሴትዮዋ ወንበሯን እየገፋች ብርሃኑን ስትከተል መሐንዲሷ ወለሉን አየች። ከመስኮቱ እስከ ቁም ሣጥኑ ድረስ የወንበሩ ጎማ በስድስት ዓመት ያበጀው ጭረት አለ። ጎንበስ ብላ በሜትር ለካችው፣ በደብተሯም ጻፈችው። እኔ ያንን ወለል ስንት ጊዜ ረግጬዋለሁ፤ ጭረቱን አይቼው አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ከወር በኋላ የተሻሻለው ንድፍ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የሕንፃው ረጅሙ ክፍል ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ሩቁ ዳር ተገፍቷል፣ በእኛ በኩል ያለው ሁለት ፎቅ ብቻ ሆኗል፤ ከሠላሳ ስድስቱ ቤቶች አንድም አልጎደለ። በመካከል ለጫማ ሰፊው መተላለፊያ አለ። የአሸዋ መኪኖቹ በኋላ በር ስለገቡ ዳቦውም ከአቧራ ተረፈ፤ ጋጋሪው ይህን ሁሉ ያመጣው እሱ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወራል።

ወገኖቼ፣ ጎረቤት ሊመጣብን ሲል የምንፈራው ነገር ቢኖር ነውር የለውም። ነውሩ የራሳችንን ፍርሃት «ሠፈሩ»፣ «ሕዝቡ» በሚል ካባ ሸፍነን፣ ያላየነውን ሰው ሌባ ማድረግ ነው። የሚገነባም ሰው የሰው ደጃፍ ሳይረግጥ አይገንባ። እኔ ዛሬም ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን ለነርሷ ሰጥቻታለሁ።

ሕንፃው ባለቀ በመጀመሪያው ሳምንት አናጺው ቤት ጎራ አልኩ። ሴትዮዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ፀሐይ አልገባችም። ደነገጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሕንፃው ጣሪያ በላይ ብቅ ብላ የሴትዮዋ ጉልበት ላይ አረፈች።

«ዘገየች እኮ!» አልኩ ተቆርቁሬ። «ለመሐንዲሷ ልጻፍላት እንዴ?»

ሴትዮዋ ጣቶቿን ዘርግታ እያሞቀች በመስኮቱ ወደ ማዶ አየች። በሁለተኛው ፎቅ ነርሷ አዲሱን መጋረጃዋን እየሰቀለች ነበር፤ እጇን አውለበለበችልን።

«ተወው ማህተሜ» አለችኝ። «ግማሽ ሰዓቷን እኔ ነኝ ለልጅቷ የለቀቅኩላት።»