ካመመህ ግራ እጅህን አንሳ

ዶክተር አልአዛር የጥርስ ሐኪም ነው። ጥርሱን መታከም ግን ይፈራል። አትሳቁ! መርፌው የት እንደሚገባ አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው የሚፈራው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎቹን «ታካሚን ማረጋጋት የሙያው ግማሽ ነው» እያለ ያስተምራል። የራሱ የታች መንጋጋ ጥርስ ሲቦረቦር ግን በማስታገሻ ኪኒን እያባበለ ከረመ። ባልደረቦቹ ጋ እንዳይሄድ፣ ወንበር ላይ ሲንቀጠቀጥ ተማሪዎቹ ሊያዩት ነው። ያ ወሬ ደግሞ ሀዋሳን ከባጃጅ ቀድሞ ይዞራታል። አንድ ቀን ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሲነሳ መላ አጣ። ባጃጅ ይዞ ከከተማዋ ዳር ወዳለ፣ እሱን ማንም ወደማያውቅበት ጤና ጣቢያ ሄደ። ካርድ ክፍል ሥራውን ሲጠይቁት «መምህር» አለ። ውሸት አይደለም። ሙሉውን አልተናገረም እንጂ።

«ቀጣይ!» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ሲገባ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ጓንት እያጠለቀች ነበር። ዞር ስትል ከፊቷ የሚታየው ከማስኩ በላይ ያለው ብቻ ነው... ዓይኖቿ። አልአዛር ለጊዜው የመጣበትን ረሳ።

«ታቢታ እባላለሁ። ዶክተር አይደለሁም፣ የጥርስ ቴራፒስት ነኝ። እነቅላለሁ፣ እሞላለሁ፣ አጥባለሁ። ከአቅሜ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል እልክሃለሁ። ተስማማህ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ካመመህ ግራ እጅህን አንሳ። ቀኝህን እንዳታነሳ፣ እጄን ትመታኛለህ። ግራህን ሳይ ወዲያው አቆማለሁ።»

ይህችን ነገር እሱ ራሱ ለተማሪዎቹ ስንቴ ነግሯቸዋል! ታቢታ መርፌዋን አነሳች። የአልአዛር ግራ እጅ ሽቅብ ተወነጨፈ።

«ወንድሜ፣ ገና አልነካሁህም እኮ!»

«ለ... ለሙከራ ነው።»

ሳቀች። እንደገና ሞከረች። እጁ እንደገና ወጣ። አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ እጁን አወረደችና «እኔ አለሁ» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ጥርሱ ትሪው ላይ ተቀምጧል።

«ጥጡን ነክሰህ ቆይ። እንዳታወራ!» አለች። ቀጥላም ራሷ ወሬ ጀመረች። «መምህር ነህ አሉ። ምንድን ነው የምታስተምረው? አትመልስ! ሒሳብ ትመስላለህ። እንዲህ የሚፈሩት የሒሳብ አስተማሪዎች ናቸው።»

«እምም...»

«አወቅኩ!»

እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ጥጡን ተፍቶ «የለም፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ» ቢላት ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። አላላትም። ጥጡን ነክሶ ወጣ።

ከዚያ መመላለስ ጀመረ። ቁስሉ ደርቋል፣ ድዱ ገጥሟል፣ እሱ ግን ወረፋ ይዞ ይቀመጣል።

«አሁን ምን ሆንኩ ብለህ ነው የመጣኸው?» አለችው አንድ ቀን።

«ለክትትል።»

«የምትከታተለው ቁስሉን ነው እኔን?»

አልአዛር እስከ ጆሮው ቀላ። «ሁለታችሁንም» አለ።

እሁድ ከቸርች በኋላ ሐይቅ ዳር ወሰዳት። ዓሣ ጥብስ አዘዙ። እሷ እሾሁን እየለቀመች «በዚህ በኩል አኝክ፣ ያኛው ገና ነው» ትለዋለች። ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ከእናቱ ቤት ከወጣ ወዲህ በየትኛው በኩል እንደሚያኝክ ያሰበለት ሰው አልነበረም። ወደዳት፤ ቁርጥ ነው።

«አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ» አለች ታቢታ። «ባህል አዳራሽ ውስጥ የጥርስ ባለሙያዎች ስብሰባ ተጠርቷል። ቴራፒስቶች ዶክተር አጠገባቸው ሳይኖር ጥርስ አይንቀሉ የሚል ሐሳብ ቀርቧል አሉ። ይኼ ከጸደቀ የእኔ ክፍል ተዘጋ ማለት ነው። እኛ ጋ ዶክተር ከየት ይመጣል? ከገጠር የሚመጡት ሰዎች ተመልሰው ገበያ ውስጥ በፒንሳ የሚነቅለው ሰውዬ ጋ ነው የሚሄዱት!»

አልአዛር ሊጎርስ ያነሳውን ዓሣ ሳህኑ ላይ መለሰው። ያንን ሐሳብ የጻፈው እሱ ነው። የሚያቀርበውም እሱ ነው።

ክፋት ኖሮት አይደለም የጻፈው። አንድ ወጣት ጥርሱን የሆነ ቦታ ተነቅሎ፣ አንገቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል መጥቶ ነበር። ዘግይቶ ነበር። የልጁ እናት ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ከዚያ በኋላ ነው «ያለ ዶክተር ማንም አይንቀል» ያለው።

«ምነው ዝም አልክ? ጥጥ ነክሰሃል?» ብላ ሳቀች።

«አይ... እያሰብኩ ነው።»

ሊነግራት ይገባ ነበር። ግን መርፌ ሳይነካው እጁን የሚያነሳ ሰው ነው፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ አሳደረው።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው አቶ ባህሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ። «ሐሳቡን የሚያቀርቡልን ዶክተር አልአዛር ናቸው» አሉ።

አልአዛር መድረክ ላይ ወጣ። ታቢታ ፊት ለፊት ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ የምታውቀው ሰው ስላየች ነው። ከዚያ «ዶክተር» የሚለው ገባት። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ... ከዚያ ጠፋ።

አነበበ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለው ነበር። ሲጨርስ አቶ ባህሩ ማይኩን ሳብ አደረጉ።

«እኔ እምለው ዶክተር፣ የእርስዎን ጥርስ አንዷ ቴራፒስት ልንቀል ብትል እሺ ይላሉ?»

አዳራሹ ሳቀ። አልአዛር ወደ ታቢታ ተመለከተ። አንድ ቃል ብትተነፍስ አለቀለት። እሷ ግን አቀርቅራ እጆቿን ታያለች።

«እሱ... የግል ጉዳይ ነው» አለ አልአዛር። «ወደ ርዕሳችን ብንመለስ?»

አዳራሹ ይባስ ሳቀ። ታቢታ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ውሳኔው ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ አልአዛር ግን መቼ እንደተቀጠረ እንኳ አልሰማም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄደ። በጓሮ አልገባም፤ እንደማንኛውም ታካሚ ወረፋ ያዘ።

«ቀጣይ!»

ገባ። ታቢታ ቀና ብላ አየችው። «ምንህን ነው ያመመህ?»

«ታቢታ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ሐሳብህ አላናደደኝም። ዶክተር መሆንህም ይቅር። የምታምንበትን ተናገርክ፣ መብትህ ነው። ግን አፍህን ከፍተህልኝ፣ እጄን ይዘህ፣ እሾህ ለቅሜልህ... ሰው ፊት ስትጠየቅ አፈርክብኝ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «አይዞህ፣ የታካሚ ሚስጥር አላወጣም። ከሚያፍርብኝ ሰው ጋር ግን አልሄድም።»

አልአዛር ሆድ ባሰው። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ስር ጠምጥመው፣ በሰው ተደግፈው ገቡ። እማማ አስካለ ይባላሉ። አንገታቸው ስር አብጧል፣ አፋቸው አልከፈት ብሏል፣ ሰውነታቸው እሳት ነው።

የታቢታ ፊት አመድ መሰለ። «ባለፈው ኪኒን ሰጥቼ መልሻቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያኔ ነበር መላክ የነበረብኝ። ቀላል መስሎኝ ነው...»

የዚያ ወጣት አንገት አልአዛር ፊት ድቅን አለ። ጃኬቱን አውልቆ እጁን መታጠብ ጀመረ።

«አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ንገሪያቸው።»

ታቢታ በሲዳሙ አፎ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ ነገረቻቸው። እማማ አስካለ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«አልሄድም ይላሉ። ከዚህ በፊት ለሌላ ሕመም ልኬአቸው፣ ከተማ ገብተው ቋንቋቸውን የሚሰማ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ተመልሰዋል። 'ብሞትም አንቺ ጋ ልሙት' ነው የሚሉት።»

አልአዛር ፎጣውን እንደያዘ ቆመ። ይህን በጻፈው ሐሳብ ውስጥ አላሰበውም ነበር።

«እሺ። መግሉን እዚሁ እናፍስሰውና ትንሽ ይቅለላቸው። ከዚያ አብሬያቸው እሄዳለሁ በይ። አንቺም ትመጫለሽ፣ ያለ አንቺ አንግባባም።»

ታቢታ ነገረቻቸው። ቀጥላም እጃቸውን ያዘችና የተለመደውን አለች፤ ቋንቋውን ባያውቅም አልአዛር ገባው። ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ። እሱ ቀደደ፣ እሷ ያዘች፣ እሱ ጠረገ፣ እሷ አጽናናች። እማማ አስካለ አንዴም እጃቸውን አላነሱም። መግሉ ወጥቶ ትንፋሻቸው ቀለል ሲላቸው አልአዛርን ከላይ እስከ ታች አዩትና ለታቢታ የሆነ ነገር አሏት። ታቢታ ደነገጠች።

«ምን አሉ?»

«ምንም። ውሃ ልጠጣ ወይ ነው ያሉት።»

በአምቡላንስ አብረው ሄዱ። እማማ አስካለ ሆስፒታል ተኙ፣ ዳኑም። ሲለያዩ ግን ታቢታ «ለእሳቸው ስላደረግኸው አመሰግናለሁ። የእኔና የአንተ ሌላ ነው» ብላው ባጃጅ ውስጥ ገባች። አልአዛር አስፋልቱ ዳር ቀረ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አልአዛር እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ወረቀት አልያዘም።

«አቶ ባህሩ፣ ባለፈው አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ሸሽቼ ነበር። ዛሬ ልመልስ።»

አፉን ከፈተ። ጣቱን አስገብቶ ጉንጩን ወደ ጎን ጎትቶ ክፍተቱን ለአዳራሹ አሳየ! የተከበረ መምህር፣ በክራባት፣ ማይክ ፊት ጉንጩን ጎትቶ ሲቆም አስቡት። ተማሪዎቹ ከኋላ ሆነው አፋቸውን ያዙ። ባልደረቦቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ይኼን የነቀለችልኝ የጥርስ ቴራፒስት ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ስሟን እሷ ካልፈቀደች አልናገርም። እሷ የእኔን ሚስጥር ጠብቃልኛለች። ፈርቼ ወንበሯ ላይ ስንቀጠቀጥ 'እኔ አለሁ' ብላኝ ነበር። እኔ ግን እናንተ ስትጠይቁኝ... የለሁም አልኩ። አፍሬባት አይደለም። በራሴ ነው ያፈርኩት።»

ወደ አቶ ባህሩ ዞረ።

«ሐሳቤንም አሻሽያለሁ። ይንቀሉ። ነገር ግን ሲከብዳቸው የሚደውሉለት፣ ሲደወልለትም የሚያነሳ፣ በየሳምንቱም ወደ እነሱ የሚሄድ ዶክተር ይመደብ። እነሱን ከመዝጋት እኛ እንሂድ። መጀመሪያ እኔ እሄዳለሁ።»

አንዲት ሴት ተነሳች። ታቢታ ናት።

«የነቀልኩለት እኔ ነኝ» አለች። «ዶክተር የተናገረው ግን ግማሹን ነው። እኔም መላክ የነበረብኝን ታካሚ በኪኒን መልሼ ሊሞቱብኝ ነበር። የምደውልለት ሰው ቢኖረኝ ኖሮ ያ አይሆንም ነበር። ክፍሌን አትዝጉብኝ። ስልክ ስደውል ግን የሚያነሳልኝ ሰው ስጡኝ!»

አንዳንድ ዶክተሮች አልተዋጠላቸውም፤ እያጉረመረሙ ወጡ። ክርክሩም ዛሬም ድረስ አላለቀም። አቶ ባህሩ ግን «በሉ፣ በዚህ መልክ ይሞከር» ብለው ዘጉት፤ የታቢታ ክፍልም ክፍት ሆኖ ቀረ።

ደጅ ላይ ጠበቀችው።

«ጉንጭህን ያን ያህል መጎተት ነበረብህ?» አለችው።

«ከኋላ ላሉትም እንዲታይ ብዬ ነው።»

ልትስቅ ፈልጋ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ያን ቀን እስከ ሐይቅ ዳር በእግራቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አልአዛር በየሳምንቱ ጤና ጣቢያው ይመጣል። ታቢታ ስትደውልም ያነሳል፤ የምትደውለው ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ጥርስ አይደለም። አንድ ከሰዓት ታካሚው ካለቀ በኋላ ወንበሩን አሳየችው።

«ተቀመጥ። ያኛውም መንጋጋህ መቦርቦር ጀምሯል፣ ስትስቅ አይቼዋለሁ።»

ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ። አደነዘዘችው፣ ሞላችው፣ አፉን በጥጥ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ማስኳን አውልቃ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«እማማ አስካለ ያኔ ምን እንዳሉኝ ልንገርህ? 'ይኼ ልጅ ባልሽ ነው?' ነው ያሉት።»

«እምም?!»

«አታውራ፣ ጥጡን ንከስ። ትናንት ደግሞ አባቴ 'ያ ዶክተር ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?' አለኝ። እኔም በዚህ ሳምንት ይልካል አልኩት። ሳልጠይቅህ ነው ያልኩት...» ድምፅዋ ቀነሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራችው እሷ ነበረች። «ካልፈለግክ ግራ እጅህን አንሳ። ወዲያው አቆማለሁ።»

አልአዛር መናገር አልቻለም። ግራ እጁን አየው፤ ሳይነኩት ሽቅብ መወንጨፍ የለመደ እጅ ነው፣ አያምነውም። ቶሎ ብሎ ጭኑ ስር ከተተውና ተቀመጠበት።