አጎበር ውስጥ የከረሙ ቸርኬዎች

ጧ!

ድምፁ የቆርቆሮ አጥሩን አንቀጥቅጦ ጓዳ ድረስ ዘለቀ። አክስት ሀሚዳ የያዘችው የሂና ሳህን ከእጇ ሊያመልጥ ለጥቂት ተረፈ።

«ያ ረቢ! ደግሞ ምን ፈነዳ?»

ሱመያ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። ግራ እጇ እስከ አንጓዋ ሂና ተቀብቷል፤ ቀኝ እጇ ገና ነው።

«አልፈነዳም አክስቴ! ገባ! ጎማው ቸርኬው ላይ ገባ!»

«አንቺ ልጅ፣ ቀኝሽ ቀረ'ኮ! የሙሽራ እህት በአንድ እጇ ታጨበጭባለች እንዴ?»

«መጣሁ!» አለች ሱመያ። አልመጣችም። ለሰርጉ የሚበስለው የአተካና ቅቤ ሽታ ባወደው ማድቤት በኩል እየሮጠች አልፋ፣ ከግቢው በር ጋር ተለጥፎ ወደቆመው የዮሲ ጎማ ቤት ገባች።

ዮሲ የንፋስ ቱቦውን እንደያዘ ጥርሱን በሙሉ አሳያት። ከእግሩ ሥር አዲስ የብር ሳንቲም የመሰለ ቸርኬ ጥቁር ጎማውን ለብሶ ተኝቷል።

«ሰማሽው ኢንጂነር?»

«አክስቴ ተኩስ መስሏት ሳህን ልትጥል ነበር!»

«እንግዲያው ንገሪያት፤ ገና ሦስት ጥይት ይቀረኛል።»

ሱመያ ቁጢጥ ብላ ቸርኬውን በዓይኗ ዳበሰችው። ይኼ ነገር ከሁለት ሳምንት በፊት የዶሮ ማደሪያ ነበር ብትል ማን ያምናታል?

ነገ እሁድ ወንድሟ አብዱራህማን ያገባል። ሙሽራዋ ሀሊማ የዳምቦያ ልጅ ናት። ሰው ሁሉ የሰርግ መኪና እንዲከራይ ቢመክረው አብዱራህማን እምቢ አለ። «እንጀራ ባበላችኝ መኪና ነው የማመጣት» አለ። ያቺ እንጀራ ያበላችው መኪና ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ በኮንትራት የሚሠራባት፣ በዕድሜ እሱን ራሱን የምትበልጥ ነጭ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ ደህና ነው፣ እግሯ ግን ያሳፍራል፦ የዛገ የብረት ቸርኬና ሽቦው የወጣ ጎማ።

አራቱን የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ከዶሮ ቤቱ ሥር ያገኘቻቸው ሱመያ ናት። ጠርዛቸው በድንጋይ ተግጧል፣ መሃላቸው በኩስ ተለስኗል። ዮሲ አንዱን አገላብጦ አየና «ነፍስ አላቸው» አለ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዋ ይኸው ሆነ። በሳሙና ፈተገቻቸው። በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ ውሃ እያፈሰሰች ሞረደቻቸው፤ የጣቶቿ ጫፍ አሻራው የጠፋ እስኪመስላት። ጉድጓዱን በስቱኮ ሞላች። ዮሲ አረጫጨቱን አሳያትና ቀለሙን ለእሷ ለቀቀላት።

አስቸጋሪው የጥር አቧራና ትንኝ ነበር። እርጥብ ቀለም ላይ አንዲት ትንኝ ካረፈች ሁሉም ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሱመያ የአልጋዋን አጎበር አውልቃ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀለችና ቸርኬዎቹን ሥሩ ደረደረቻቸው። እናቷ ገብታ ይህን ስታይ፣ «ወባ ወደ ብረትም ይተላለፋል?» ብላ ጠየቀች።

ጧ! ሁለተኛው ገባ። ጧ! ሦስተኛው። አራተኛው ሲገባ ሱመያ በአንድ እጇ ጭኗን እየመታች አጨበጨበች።

ጎማዎቹ የዮሲ ስጦታ ናቸው። ሚዜ ነዋ! እኩለ ቀን ላይ አራቱንም ባጃጅ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ራሱ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ነበር ያመጣቸው። ቸርኬዎቹ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ላይ ታስረው ክሪኩ ሲወርድ፣ አብዱራህማን ከፀጉር ቤት ተመለሰ። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ወይኔ ዲኤክሷ! ፏ ብላለች'ኮ! ሀሊማ እኔን ትታ መኪናዋን እንዳታገባ!»

«እህትህን አመስግን» አለ ዮሲ። «የኔ ጎማው ብቻ ነው። ያገለገለ ነው፣ ግን ንፁህ። ይኸው ቁጥሩ፤ ሃያ ሦስት፣ አስራ አራት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምህረቱ ናቸው። የ2014 ምርት! ዘንድሮ ገና አራት ዓመቷ፣ መዋዕለ ሕፃናት እንኳ አልገባችም!»

«ሚዜ ማለት እንዲህ ነው ወንድሜ!» አብዱራህማን አንገቱን አንቆ አቀፈው። ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት የሰፈር ጎረምሶች በፉጨት አቀለጡት። ሱመያም እየዘለለች አብራቸው ጮኸች። አንድ በአንድ መኪናዋን እየዞሩ ፎቶ ተነሱ፤ ከዚያ አብዱራህማን ድንኳን ተካዮቹን ሊያይ አብሯቸው ሄደ።

ሱመያ ጨርቅ አንስታ የመጨረሻውን ቸርኬ ማጥራት ጀመረች። ዮሲ ጎማውን የቀባው ማብለጭለጫ ጠርዝ ጠርዙን ቸርኬዋ ላይ ፈስሶ ነበር። ስትጠርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ። ማብለጭለጫው በለቀቀበት በኩል፣ የጎማው ጎን ላይ ቀጫጭን መስመሮች ታዩ፤ እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። መስመሮቹ አፋቸውን ከፈቱ።

የአራት ዓመት ጎማ እንዲህ ይሰነጠቃል?

ቁጥሩን ፈለገችው። 2314። ዮሲ አልዋሸም፣ እንዳነበበው ነው። ከቁጥሩ በላይ የፋብሪካው አገር ስም በፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል። ሱመያ ስሙን ሁለቴ አነበበችው።

ይኼ ፋብሪካ እንቁጣጣሽን ያከብራል እንዴ?

በነሱ 2014 ማለት፣ በኛ 2006። ከዘንድሮ ሲቀነስ አስራ ሁለት። ያኔ እሷ ራሷ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ጨርቁን ይዛ ቁጭ አለች። ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋ ወደ ዳምቦያ ትነሳለች። ስትመለስ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን ጠቅጥቃ የአንጋጫን ጠመዝማዛ መንገድ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ብትናገር ግን ሚዜው የበሰበሰ ጎማ ሰጠ ይባላል፤ ሆሳዕና ውስጥ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። «ሴት ልጅና ጎማ ምን አገናኛቸው» ሳይላት መሣሪያውን የሰጣት ዮሲ ብቻ ነው። ጎማው ይውለቅ ቢባልስ? የማውለቂያው ብረት የሁለት ሳምንት ቀለሟን እንደ ድንች ይልጠዋል። ለአንድ ቀን ብቻ... ቀስ ተብሎ ከተነዳ...

ዓይኗን ስትጨፍን ከኋላ ወንበር የሀሊማ ነጭ መሸፈኛ ታያት።

ተነስታ ዮሲ ዘንድ ሄደች። ብቻውን ነበር፣ የማብለጭለጫውን ጠርሙስ ይከድናል።

«ዮሲ፣ ያ አስራ አራት የሚለው በማን አቆጣጠር ነው?»

«በማን ይሆናል? በኛ ነዋ።»

«ጎማውን የሠራነው እኛ ነን?»

ዮሲ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። መጥቶ ጎማው አጠገብ ተንበረከከና ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ፈተገው፤ የሚለቅ ይመስል። ስንጥቁንም አየው። ጆሮዎቹ ቀሉ። ያውቅ እንደነበረ ወይም እንዳላወቀ ፊቱ ላይ ማንበብ አልቻለችም።

«ለአብዱ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ሱሚ! አክስቴ ሀሚዳ ትፈልግሻለች!» አብዱራህማን ዘፈን እያፏጨ ገባ። ሁለቱን አየና ፉጨቱን አቆመ። «ምን ሆናችሁ?»

ዮሲ ከተንበረከከበት ተነሳ። ሱመያ ክሪኩን ጎትታ መኪናዋ ሥር አስገባች። የብሎን መፍቻውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያልደረቀው ሂና ብረቱ ላይ ተለቀለቀ።

«ጎማዎቹ ይፈታሉ አብዱ። አስራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቁጥሩ በፈረንጅ ነበር፤ እኔና ዮሲ በኛ አንብበን ተሳሳትን።»

«ነገ'ኮ ነው ሰርጌ! ትቀልጃለሽ?»

«አልቀልድም። በነዚህ ሀሊማ አትሳፈርም።»

የመጀመሪያው ብሎን አልነቃነቅ አላት። በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ያኔ ዮሲ መጥቶ መፍቻውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደው።

አራቱንም ፈታ። ዲኤክሷን ድንጋይ ላይ አሳረፋት። ከዚያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረ፤ ብረቱ ቸርኬውን ሊነካ በደረሰ ቁጥር የራሱን ሸሚዝ እያጠፈ ከሥሩ ያስገባ ነበር። አብዱራህማን አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ዮሲን ያያል። ሱመያ እያንዳንዱን ጠርዝ በጣቷ ዞረችው። አንድም ጭረት የለም።

ዮሲ ወደ መንገዱ ወጥቶ ባጃጅ በፉጨት ጠራ። ባዶዎቹን ቸርኬዎች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ ደረደራቸው።

«ዮሲ፣ ቸርኬውን ወዴት ነው?» አለ አብዱራህማን። «አንተ! አትሰማም?»

ሊከተለው ሲል ሱመያ ክንዱን ያዘችው። የሂናዋ ቀለም እጅጌው ላይ ታተመ።

«ተወው፣ ይሂድ።»

ዮሲ በከናቲራው ብቻ ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። ባጃጁ አቧራውን አስነስቶ በመናኸሪያው በኩል ወደ አዲስ ጎማ መሸጫዎቹ ታጠፈ።