የአንድ ዶላር ኮርቬት

ሮስ ቴልፎርድ ከባናና ወንዝ ሲወጣ መሪው ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቀበቶውን አስሮ ነበር። የመኪና ማንሻው ወርቃማዋን የኮርቬት ስፖርት መኪና ጎትቶ የጀልባ ማውረጃው ላይ ሲያሳርፋት፣ ጣራዋ ክፍት ነበርና ውሃው በበሮቿ ላይ እየተንፎለፎለ ወረደ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ ጨረቃ ሊሄድ የነበረው ሰውዬም አንገቱ ደረቱ ላይ ወደቀ። ዳር ቆመው ከሚያዩት አሣ አጥማጆች አንዱ «ይኼኛው ደግሞ ወደ ታች ተወነጨፈ» ቢል የቀሩት ሳቁ። የሮኬት ማስወንጨፊያው ጎረቤት በሆነችው በኮኮዋ ቢች ጠፈርተኛ ብርቅ አይደለም።

«ሰክሮ ነው» አለ ኮሎኔል ኤመሪ ቮስ። ማን እንደሚበርና ማን እንደሚቀር የሚወስነው የጠፈርተኞቹ አለቃ እሱ ነው። «ሸሚዙ ውስኪ ውስኪ ይላል። አደጋ ብለህ ጻፍና ጨርስ፣ ፔትዌይ። እኩለ ቀን ላይ ተተኪውን ለጋዜጠኞች አሳውቃለሁ።»

የሸሪፉ መርማሪ ሆይት ፔትዌይ የቅቅል ኦቾሎኒ ልጣጭ እንትፍ አለና ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለ። ወፍራም ነው፤ ሲሄድ ያለከልካል፤ የሰው እንባ ልቡን አያባባውም። ከሬሳው ይልቅ ዳሽቦርዱን ነበር አተኩሮ የሚያየው።

«ኮሎኔል፣ ሰክረው ነድተው ያውቃሉ?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«በድቅድቅ ጨለማ፣ መብራት አጥፍተውስ? ይኸው፣ መብራቱ ጠፍቷል። ሬዲዮው ጠፍቷል። የአየር ማስገቢያዎቹ አንድ ሳይቀሩ ተዘግተዋል። ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሯል፤ ማርሹ ፎሌ ላይ ነው። ሰውዬው ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ጋራዡ ውስጥ ያቆማት ነው የሚመስለው።» የሟቹን ጭንቅላት በሁለት ጣቱ ዞር አደረገ። «የተፈነከተው ከኋላ ነው። ከኋላው ያለው ደግሞ ለስላሳ ወንበር ነው። ይኼ ሰው ሰምጦ አልሞተም፤ ሞቶ ነው የሰመጠው።»

ከዚያ የሟቹን ቀበቶ አየ። ከማሰሪያው የተረፈው ጫፍ ሁለቴ ታጥፎ ከቀበቶው ሥር ተሸጉጧል። ፔትዌይ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገውና ቀና አለ።

«ግድያ የምትል ቃል ከአፍህ ከወጣች በረራው ይቆማል» አለ ኮሎኔሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ጨረቃ ላይ ዘመድ የለኝም፣ ጌታዬ። ይልቅ መኪናዬ እምቢ ብላኛለችና እስከ ከተማ ያድርሱኝ።»

የፔትዌይ መኪና ምንም አልሆነችም ነበር።

ቮስ ቀበቶ ሳያስር እንደ እብድ ነዳ። ማታ ባድ ኪትሪጅ ዘንድ እራት ላይ የነበሩት አምስት ብቻ መሆናቸውን ነገረው፤ እሱ ራሱ፣ ሮስና ሚስቱ ኖርማ፣ ተጠባባቂው ዌይን ካልደር፣ ባለ ቤቱ ኪትሪጅ። ከዚያ ወዲህ ሮስን ያየው የለም። የሸሪፉ ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ሳያወጣ፣ ሬዲዮው እንደ ጮኸ ዘሎ ወርዶ ስልክ ፍለጋ ሮጠ።

ኖርማ ቴልፎርድ ሬሳ ልትለይ መጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ፔትዌይ መኪናዋ ውስጥ አጠገቧ ገብቶ ተቀመጠ። አላለቀሰችም። አንድ እጇ መሪ ላይ፣ ሌላው ሲጋራ ላይ ነበር።

«ባልዎ ሰክሮ ነው እያሉ ነው፣ ወይዘሮ ቴልፎርድ።»

«ውሸታቸውን ነው! ከአፉ ጠብታ ካለፈ ሦስት ወሩ ነው። ሳይጠጣም…» ከንፈሯን ነከሰች።

«ሳይጠጣም ምን?»

«ምንም።»

«ባልዎ ሞቷል እኮ። ከእንግዲህ ማንም ከበረራ አያስቀረውም።»

ይህችን የሚያህል ጨካኝ ነገር ተናግሮ ኦቾሎኒውን መላጥ ጀመረ። ኖርማ ሲጋራዋን በመስኮት ወረወረችው።

«ሳይጠጣም ይዞርበት ነበር። ጆሮው ነው። ጠዋት ሲነሳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚቆመው። ለማንም አልተናገርንም።»

«ማታ ከእራት በኋላ ወዴት ሄደ?»

«‹አንዲት የመጨረሻ እሽቅድድም አለችኝ› ብሎኝ ወጣ። እየሳቀ። ከማን ጋር እንደሆነ አልነገረኝም። ሁሉም ኮርቬት አላቸው፤ ሁሉም ሕፃን ናቸው።»

«ቀበቶ ያስር ነበር?»

«ሮስ? መኪና ውስጥ? ‹ሥራ ላይ የምታሰረው ይበቃኛል› ነው የሚለው።»

«ኪትሪጅስ? ለእርስዎ የሚያስብ ይመስላል ይላሉ።»

«ሲያስብ ይኑር» አለች። ከመኪናው ስትወርድ መብራቱን እንኳ አላጠፋችውም።

ኪትሪጅ የመኪና ነጋዴ ነው። ጠፈርተኞች የእሱን ኮርቬት ሲነዱ አገር ስለሚያይለት በዓመት አንዳንድ ዶላር ብቻ እየተቀበለ ያከራያቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ አሮጌዋን ይመልሳሉ፣ አዲስ ይወስዳሉ። ለመብረር የተመረጡት ሰዎች መኪኖች ደግሞ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው የየባለቤቱ ስም በር ላይ ይጻፍባቸዋል። በመደብሩ ጥግ ሸራ የለበሰች አንዲት መኪና ቆማ ነበር።

«ያቺስ?» አለ ፔትዌይ።

«እሷን ተዋት፣ ሆይት። ሮስ ትናንት ከሰዓት ያዘዘኝ ነገር ነው። ቀልድ ናት። ዛሬ ራሱ ሊገልጣት ነበር።» የኪትሪጅ ዓይን እንባ አቀረረ። «እራት ላይ እንኳ በጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠ ዝም በል ይለኝ ነበር።»

ፔትዌይ ግን የሚተው ሰው አልነበረም። የሸራውን ጫፍ አንስቶ በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበና ቀለሙን በጣቱ ነካው። ገና ይጣበቃል። ሸራውን ቀስ አድርጎ መለሰው፤ ፊቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለም አለ።

የቀረው ካልደር ነበር። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ፀጉሩ የተከረከመ ሰው፤ ለመግለጫው አዲስ ክራቫት አስሯል። ፔትዌይ ሲያስቆመው ሳይወድ መኪናው ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠው።

«ቀበቶህን እሰር» አለው ካልደር።

«ሆዴ አይፈቅድልኝም፣ ሻለቃ።»

ካልደር በትዕግሥት ማጣት ተንጠራርቶ ራሱ አሰረለት። የተረፈውን ጫፍ ሁለቴ አጥፎ ከሥር ሸጎጠው። «የሚንጠለጠል ነገር አልወድም። አንድ ቀን በረራ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠልፍና ይገድልሃል።»

«ሮስ ጓደኛህ ነበር?»

«ወንድሜ ነበር።»

«አሁን ቦታው ያንተ ነው ማለት ነው።»

«የአገሬ ነው» አለ ካልደር ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ሁለት ጊዜ ተጠባባቂ ሆኛለሁ። ሁለቴም ሌላው ሲወጣ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ይህን ለመስማት ከሆነ የመጣኸው፣ ሰማህ።»

የኪትሪጅ መደብር በር ላይ ቆሙ። የካልደር እጅ እያጠፋና እየዘጋ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ መብራት፣ ሬዲዮ፣ አየር ማስገቢያ፣ ቁልፍ። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ደግሞ ነካቸው። ፔትዌይ ቀበቶውን ሳይፈታ ትንሽ ተቀመጠ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁሉም በመደብሩ ውስጥ፣ በሚያብረቀርቁት መኪኖች መካከል ተሰበሰቡ። ጋዜጠኞቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። ኮሎኔሉ ሰዓቱን ያያል።

«ባጭሩ» አለ።

«ባጭሩ፣ ሮስ ከአንዱ ጋር ሊሽቀዳደም ወጣ። ያ ሰው ከኋላ መታው፣ ውስኪ አፈሰሰበት፣ መሪው ፊት አስቀመጠው፣ ሞተሩ ሰው እንዳይቀሰቅስ መኪናዋን ፎሌ ላይ አድርጎ ወደ ውሃው ገፋት። ሰካራም ለማስመሰል መብራቱን አብርቶ መተው ነበረበት። እሱ ግን አጠፋው። ሬዲዮውንም፣ አየሩንም።»

«መብራት ማንም ያጠፋል» አለ ቮስ።

«ማንም? እርስዎ ዛሬ ሬዲዮዎን እያስጮኹ ጥለውት ሄዱ። ወይዘሮዋ በጠራራ ፀሐይ የመኪናቸውን መብራት እንዳበሩ ወረዱ። ኪትሪጅ የመታው ቢሆን መኪናዋን ውሃ ውስጥ ባልከተታት፤ ከሰው ይልቅ ለመኪና ያዝናል።» ኪትሪጅ ቀና ብሎ አየው። «ዕቃውን ዘጋግቶ የሚወርድ፣ መዘጋቱንም መልሶ ነክቶ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ብቻ አየሁ። ያውም ራሱ ሳያውቀው።»

«ሮስም አብራሪ ነበር» አለ ካልደር በረጋ ድምፅ። «ራሱ አጥፍቶት ይሆናል።»

«ቀበቶውንም ራሱ አስሮት?»

«ለምን አያስርም?»

«ሮስ ቀበቶ አያስርም!» አለች ኖርማ።

«ያሰረለት ሰው ጫፉን ሁለቴ አጥፎ ሸጎጠለት» አለ ፔትዌይ። «የሚንጠለጠል ነገር አይወድም። ዛሬ ጠዋት እኔንም እንደዚያው አስሮኛል። የሬሳው ቀበቶ ማጥፊያ እንዳይጠልፍ ተጨነቅክለት፣ ካልደር?»

ካልደር ሳቅ ለማለት ሞከረ። «በቀበቶ ጫፍ ልታሰቅለኝ ነው?»

«አይ፣ በጎማ መፍቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወንዝ ይወረውረው ነበር። አንተ ግን ዕቃ ከቦታው ሲጎድል እንቅልፍ አይወስድህም። እኛ ስናወራ ሰዎቼ መኪናህን ከፈቱ። ጠርገህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ከወንበሩ ጀርባ ወዳለው ሳጥኑ መልሰኸዋል። ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር ቀርቶልናል።»

ካልደር ክራቫቱን አስተካከለ።

«ለቦታው አይገባም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደረጃ ሲወርድ ሲንገዳገድ አይቼዋለሁ። ደብቆ ሊበር ነበር። ሁላችንንም ሊያስፈጅ!»

«ምንም አልደበቀም» አለ ኮሎኔል ቮስ። ፊቱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። «ትናንት ከሰዓት ቢሮዬ መጥቶ ጆሮዬ አልቋል አለኝ። ካልደርን አስገባ አለኝ፤ እሺ አልኩት። እስከ ዛሬ ዝም እንድል ለመነኝ። እራሴ ልንገረው አለ።»

ኖርማም ይህን መስማቷ ገና አሁን ነበር፤ የመኪናውን ጠርዝ ያዘች። ፔትዌይ ሸራውን ይዞ ሳበው። አዲሲቱ ወርቃማ ኮርቬት ስትገለጥ በሩ ላይ በጥቁር ቀለም «ዌይን ካልደር» ይላል።

«ማታ ሮስ፣ የተሸነፈ ሚስጥር ያወጣል ብሎኝ ነበር» አለ ካልደር። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «መነሻው ላይ ነው የመታሁት። ገና ሳንሮጥ።»

ኖርማ ተጠግታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ትመታዋለች ብለው ጠበቁ። አልመታችውም፤ የክራቫቱን ቋጠሮ ብቻ ቀስ አድርጋ አጠበቀችለት።

«ዶላሩን ሮስ ከፍሎልሃል፣ አይደል ባድ?»

ኪትሪጅ እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ያንተ ናት» አለችው። «አንዴ እንኳ አትቀመጥባትም።»

ኮሎኔሉ ስልኩን አንስቶ ለበረራው ሦስተኛውን ሰው መጥራት የጀመረው ካልደር ከበሩ ሳይወጣ ነው። ውጭ ያሉት ጋዜጠኞች ነገሩን ሳይረዱ ፎቶ አነሱት፤ አንዱም እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ፔትዌይ በሸሪፉ መኪና የኋላ ወንበር አስቀመጠውና በሩን ሳይዘጋ ጥቂት ቆሞ አየው። ካልደር በካቴና በታሰሩ እጆቹ ቀበቶውን ፈልጎ አገኘ። አሰረው። ከዚያ የተረፈውን ጫፍ ሁለቴ አጥፎ ከሥር ሸጎጠው።