ከደብተሩ የወጣው መስመር

«በፎርፌ አንደኛ ወጣሽ!» አለች በለጠች፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ እያለች። «ክንዴ ተባረረ። ጓዙን እየሸከፈ ነው።»

ይታይሽ ከደብተሯ ቀና አላለችም። «ዝም በይ፤ ልሥራበት።»

«ሰኞ ሚኒስትሪ ፈተና፣ ተፎካካሪ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፍር ነበር።»

ይታይሽና ክንዴ አንደኛነቱን ሲነጣጠቁ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ግን የትምህርት ቤቱ ደወል መሬት ላይ ወድቆ ተገኘ። ደወል የሚባለው በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በቃጫ ገመድ የተንጠለጠለ የካሚዮን ቸርኬ ነው። ገመዱ ተበጥሷል። ዲሬክተሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል ትናንት ማታ እዚያ ማን እንደነበረ ሲጠይቁ፣ ይታይሽ ያየችውን ተናገረች። ክንዴ ድንጋይ ላይ ቆሞ ገመዱን እየነካካ ነበር።

ሲፈተሽ ኪሱ ውስጥ ምላጭ ተገኘ። እርሳስ የሚቀርጽበት ነው፤ ሁሉም ተማሪ አለው። ዲሬክተሩ ግን «ገዝግዘኸው ሄድህ፤ ሌሊት ተበጠሰ» አሉ። አባቱን ካላመጣ ክፍል አይገባም። አባቱ ያሉት ሩቅ ተራራ ላይ፣ አምባራስ ነው። ክንዴ ሄዶ እስኪመለስ ፈተናው ያልፋል።

«የገመዱን አንግል ልለካ ነው የወጣሁት» ብሎ ነበር ክንዴ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ይታይሽም ሳቀች።

አሁን ግን አላሳቃትም። የሳይንስ አስተማሪያቸው ጋሼ ዋሴ ወደ ጎንደር ከመሄዳቸው በፊት የሰጡት የቤት ሥራ ፊቷ ተዘርግቷል። «የደወላችን ገመድ በእያንዳንዱ ጎን በስንት ኪሎ ኃይል ይሳባል? በማስመሪያ ሥላችሁ አግኙ። ቸርኬው ሠላሳ ኪሎ ነው።» ከክንዴ በቀር ማንም አልጀመረውም ነበር።

ለአምስት ኪሎ አንድ ሳንቲሜትር ብላ ወደ ላይ ባለ ስድስት ሳንቲሜትር ቀስት አሰመረች። ገመዱ ምን ያህል ያዘነበለ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። እምብዛም አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ኢንስፔክተር ይመጣል ተብሎ ዲሬክተሩ «ይህ ሆዱን የዘረገፈ ገመድ ያሳፍራል፤ ወጥረው!» ብለው ዘበኛው በዱላ ጠምዝዞ አጥብቆታል። ስምንት ዲግሪ ይሆናል አለች። ከቀስቱ እግር አንድ መስመር፣ ከጫፉ ሌላ መስመር አወጣች። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ መልሱን ይሰጣል።

አልተገናኙም። ገጹ አለቀ። ማስመሪያውን ገፋች፤ መስመሩ ከደብተሩ ወጥቶ ጠረጴዛው እንጨት ላይ ሄደ።

«የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ትጽፊያለሽ?» አለች በለጠች።

ይታይሽ ለካች። ሠላሳ ኪሎው ቸርኬ እያንዳንዱን ጎን ከመቶ ኪሎ በላይ ይስበዋል። ያረጀ ቃጫ ይህን አይችልም። ምላጭ አያስፈልገውም።

ተነሣች።

«አብደሻል?» አለች በለጠች። «ለዲሬክተሩ ‹እርስዎ ነዎት የበጠሱት› ልትያቸው ነው?»

«እንዴት እንደምል አላውቅም» አለች ይታይሽ። ደብተሮቿን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቢሮው በር ላይ ዘበኛውን አያ ቢራራን የገመድ አንድ ጫፍ አስይዛ፣ ሌላውን ይዛ ገባች።

«ጌታዬ፣ ይህን ጫፍ ይያዙልኝ። አያ ቢራራ ያን ጫፍ ይይዛሉ።» ቦርሳዋን መሐሉ ላይ አንጠለጠለች። «ገመዱ ቀጥ እስኪል ይሳቡት።»

«ጨዋታ ነው እንዴ?» አሉ ዲሬክተሩ። ግን ሳቡ። አያ ቢራራም ሳበ። ገመዱ መሐሉ ላይ ጎበጥ እንዳለ ቀረ። ዲሬክተሩ ኮታቸውን አውልቀው እንደገና ሳቡ፤ ጫማቸው ወለሉ ላይ ተንሸራተተ።

«ምን አለበት ይህ ቦርሳ?»

«አራት ደብተርና አንድ መጽሐፍ። አሁን ይጠጋጉ።»

ሁለቱ ሰዎች ተጠጋጉ፤ ገመዱ ሆዱን ዘረገፈ። ቦርሳው በሁለት ጣት የሚያዝ ሆነ።

«ክንዴ የነካካው ሲለካ ነው» አለች ይታይሽ። «ማታ እዚያ ነበር ያልኩት እኔ ነኝ። ቆርጦታል ግን አላልኩም። እንደዚያ የተወጠረ ገመድ ራሱ ይበጠሳል።»

አቶ ሀብተ ሚካኤል የገመዱን ጫፍ እንደያዙ ወደ ዘበኛው ዞሩ። «ወጥረው ያልኩህ እኔ ነኝ?»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለ አያ ቢራራ፣ ሳያመነታ። «ሁለት ጊዜ።»

ዲሬክተሩ ኮታቸውን ለበሱ። «ሂጂ ጥሪው» አሉ፣ መስኮቱን እያዩ።

ክንዴን ያገኘችው ከከተማው መውጫ ላይ፣ የሞላ ስልቻ ተሸክሞ ነው።

«ተመለስ። ትፈተናለህ። ዲሬክተሩ ናቸው ያሉት።»

ስልቻውን አወረደ። «ጠዋት ስቀሽብኛል።»

«ስቄያለሁ» አለች። «አንግሉ ስንት ነበር?»

«አምስት።»

«እኔ ስምንት ብዬ ነው የሠራሁት።»

«ተሳስተሻል። በዐይን ለካሽው?»

«ሰኞ እንተያያለን» አለችና የስልቻውን አንድ ጆሮ ያዘች። እሱ ሌላውን ያዘ። እሱ በመንገዱ በዚያ ዳር፣ እሷ በዚህ ዳር ሆነው ጥቂት ሄዱ። ስልቻው መዳፏን ይቆርጣል።

«ጠጋ በል» አለችው። «ተራርቀን ከያዝነው ይከብዳል።»

«ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

ክንዴ መንገዱን ወደፊት አየ፣ ወደ ኋላ አየ። ከዚያም ተጠጋ።